የእናታችን ሰማያዊ ሻሽ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እናታችንን ከሥዕሏ ሸራ ላይ አልደመሰስኳትም። የአክስታችን ልጅ ደውላ እንዲህ እንዳለችህ ሰምቻለሁ፤ እሷ እፍኝ ወሬ ተቀብላ ቁና ትመልሳለች። የለቀቀችው ከሻሿ ጫፍ የገብስ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ቀለም ብቻ ናት። ይህን ካረምኩ ወደ ሰላምታዬ ልመለስ፦ አንተስ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ ከፍርሃቴ በቀር ደህና ነኝ።

አባባ የሳላት ሥዕል ጥቀርሻ ስለለበሰ ወደምሠራበት የሥዕል እድሳት ክፍል ገባ። ከጀርባው በገዛ እጁ «የዘይት ቀለም» ብሎ ጽፏል። እኔም ጽሑፉን አምኜ ጥጥ በምራቄ አርጥቤ ጠረግሁት፤ የደረቀ የዘይት ቀለም ምራቅ አይፈራምና። ጥጡ ሰማያዊ ሆኖ ሲመለስ እጄን ከሸራው ሰበሰብኩ። አርባ ዓመት ተማሪዎቼን «መጀመሪያ ገጹን እዩ፣ ጽሑፉን ኋላ አንብቡ» ስል የኖርኩ ሴት! መብራቱን ከጎን አብርቼ ቢሆን ኖሮ ፊቷ ሲያብረቀርቅ፣ ሻሹ ግን እንደ ኖራ ግድግዳ ደብዝዞ ባየሁ ነበር። ዘይት ያብረቀርቃል፤ በሙጫ የተለወሰ ቀለም አያብረቀርቅም። አባባ ሰማያዊው በዘይት አርጅቶ ወደ አረንጓዴ እንዳይሄድበት ሻሹን ብቻ በሙጫ ሠርቶታል።

አሁን የሚያስፈራኝ ጉንጯ ነው። ቀለሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሥቷል፤ ካልተጣበቀ ይረግፋል። የሚጣበቀው በውሃ በቀጠነ ትኩስ ሙጫ ነው፤ ሻሹ ደግሞ ውሃ ከነካው ይፈሳል። በጉንጯና በሻሹ መካከል የክር ውፍረት እንኳ የለም። የክፍላችን አናጺ «እትዬ፣ በዚህ እጅ እንኳን ሥዕል አጥርም አይቀባም፤ ለወጣቶቹ አዳሾች ይተዉላቸው» ይለኛል። እጄ መንቀጥቀጡ እውነት ነው። ነገር ግን ሌላ መልኳ ያለበት ነገር የለንም፤ ወጣቶቹም አያውቋትም።

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ነገሩ ያልቃል። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ድምፄ እንቢ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

ለባለቤትህ፣ ለታላቁ ልጅህ፣ የእናታችንን ጉንጭ ለወረሰችው ታናሿም ሰላም በልልኝ።

ነገ መጀመሪያ ቁርሴን እበላለሁ፤ ባዶ ሆድ እጅ ያንቀጠቅጣል። ነፋስ ቅርፊቱን እንዳያነሣው መስኮቱን እዘጋለሁ። ሻሹን በደረቅ ወረቀት እጋርዳለሁ። ክርኔን ትራስ ላይ አስደግፌ፣ በቀጭኑ ብሩሽ አንዲት የሙጫ ጠብታ፣ ከሻሹ ራቅ ካለው በኩል። ከዚያ የሆነው ይሁን፣ ድምፄ ቢሰበርም ባይሰበርም፣ ከአክስታችን ልጅ ቀድሜ እደውልልሃለሁ።

እህትህ
ከእድሳት ክፍሉ፣ ረቡዕ ጥቅምት 9