ከምንጩ ዓይን አርባ አንድ እርምጃ

ለተከበሩ አቶ ምሳው
የሾላ ምንጭ የተፈጥሮ መዝናኛና የድንኳን ማደሪያ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ምንጩ ውሃ ሳይደፈርስ፣ እንቅልፍዎም በማንም ጥሪ ሳይቋረጥ ሰንብተው እንደሆነ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴ ግን በግቢዎ ውስጥ የት ላይ እንዳለች ስለጠፋኝ ስለ እርሷ ደህንነት የምለው የለኝም። ሦስት ጊዜ ከቢሮዎ ደጃፍ ቀርቤ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ሰው ያልደረሰበት ወረቀት ይደርሳል ብዬ ይህንን በአደባባይ ጻፍኩ።

ለሌላው አንባቢ፣ ጥሩሐረግ ደረሰ እባላለሁ፤ ሰቆጣ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። እርስዎ ግን በእጄ ሥራ ያውቁኛል፤ አምና የድንኳኖችዎ ዚፕ ተበላሽቶ ወደ ከተማ ሲላኩ አምስቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰባት ቁጥሩ በተለይ ብዙ አስቸግሮኛል።

ያማረው ብሮሹርዎ በሾላ ምንጭ ዳር በድንኳን ማደር የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. እንደሆነ ይገልጻል። ድፍረት አይሁንብኝና ትንሽ እርማት ይፈቀድልኝ። በጦርነቱ ከቆላው ቀያችን የተነቀልን ሰዎች ከሐምሌ 2013 ጀምሮ በዚያው ሜዳ ላይ አሥራ አራት ወር በላስቲክ ሥር አድረናል። ንጹሕ አየሩ፣ የወፎቹ ዜማ፣ ከዋክብቱ፣ እርስዎ ያስተዋወቁት ሁሉ ያኔም ነበረ። የጎደለን ነገር የመውጫ ሰዓታችንን የሚነግረን ሰው ብቻ ነው።

ስንሸሽ ታናሽ ወንድሜ አንዷለም፣ ለጥር ሊዳር ቀን የተቆረጠለት ጎልማሳ፣ የበረገገች አህያ ሊመልስ ወደ ኋላ ቀረ። ከኋላ እየመጣ ነው ስንል፣ ምንጩ ዘንድ ደርሰን ዞር ብንል የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ወይዘሮ እማዋይሽ አመሏ ተለወጠ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሾላው ሥር ትቆምና በዚያ ሜዳ የሚያድረውን ሰው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር በስሙ ትጠራለች፤ የተጠራው ከላስቲኩ ውስጥ «አለሁ» ይላል። አዲስ ሰው ከመጣ ስሙን ጠይቃ ትጨምረዋለች። መጀመሪያ ላይ የሳቁባትም ነበሩ፤ ውለው ሲያድሩ ግን እርሷ ሳትጠራቸው እንቅልፍ እንቢ የሚላቸው እነርሱ ሆኑ። በመጨረሻ «አንዷለም» ብላ ትጣራና ትጠብቃለች፤ መልስ ሲጠፋ ነጠላዋን ተከናንባ ትገባለች።

በዓመቱ፣ በሐምሌ ብርድ፣ ሳንባዋን ታማ ሞተች። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ስለነበር ከእርሷ በፊትም ሆነ በኋላ እንደሞቱት አሥር ሰዎች እዚያው ሜዳ ላይ ቀበርናት። ከመሞቷ በፊት የተናዘዘችው አንድ ነገር ነው፤ «አንዷለም ቢመጣ የሚመጣው ወደ ቤቱ ነው፤ እኔን እዚህ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ» አለች። እሺ ብያታለሁ። ቀያችን ተመልሰን ቤተ ክርስቲያናችንን ካጸዳን በኋላም ዐፅሟ ሰኔ 16 ቀን ፈልሶ በደብራችን በኪዳነ ምሕረት እንዲያርፍ ቀን ተቆርጧል፤ ጉድጓዱም ተምሶ ይጠብቃታል። ከዚህ በታች በቁጥር የማቀርበው አቤቱታ ሁሉ ከዚሁ ጉዳይ የመነጨ ነው።

1ኛ. ስለ ድንጋዮቹ። በየመቃብሩ ራስጌ ያቆምናቸውን አሥራ አንድ ድንጋዮች ባለሙያዎችዎ ሰብስበው የእንግዶች እሳት ዙሪያ በክብ ስለደረደሯቸው ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አንዱን በጥላሸቱ መካከል ባለው ነጭ መስመር ለየሁት፤ እኔው ከወንዝ ያመጣሁት የእናቴ ድንጋይ ነው። አንዲት ወጣት ተቀምጣበት በቆሎ ትጠብስ ነበር። ተነሺ አላልኳትም፤ ልጅቱ ምን አጠፋች? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ነቅናቂው ግን ሌላ ነው።

2ኛ. ስለ ምንጩ። ይህ በእርግጥ ከእርስዎ ይልቅ የእኛ ስሕተት ነው። አብረውን የተፈናቀሉት የደብራችን ቄስ አባ ገብረ ሊባኖስ እያንዳንዱን መቃብር በእግራቸው ለክተው በዳዊታቸው የመጨረሻ ገጽ ጽፈውታል። የእናቴ «እማዋይሽ፤ ከምንጩ ዓይን ወደ ፀሐይ መውጫ አርባ አንድ እርምጃ» ይላል። ልኬታቸውን ለምን ከውሃው እንደጀመሩ ስንጠይቃቸው፣ ድንጋይ ሰው ያነሣዋል፣ ዛፍም ሰው ይቆርጠዋል፣ ውሃን ግን ከእግዜር በቀር ማን ከቦታው ያነሣዋል አሉን። ሁላችንም አመንን። የሾላ ምንጭ መዝናኛ ሊመሠረት እንደሆነ በየት በኩል እንወቅ?

እርስዎ ሾላውን ቆርጠው ስሙን አስቀሩልን፤ የምንጩን ዓይን በዶዘር ደፍነው ውሃውን በቧንቧ ቁልቁል ወስደው ለፎቶ እንዲመች በድንጋይ አንበሳ አፍ አፈሰሱት። በሚያዝያ አባ ገብረ ሊባኖስን በበቅሎ ይዘን መጣን። ጉልበታቸው ደክሞ እርምጃቸው አጥሯል፤ ቢሆንም «ውሃውን አሳዩኝ እንጂ እግሬ ልኩን አይረሳም» ብለው ከአንበሳው አፍ ጀምረው ዳዊት እየደገሙ ቆጠሩ። አርባ አንድ ሲሉ ከመጸዳጃ ቤትዎ በር ላይ ቆሙ። ሽማግሌው ጥምጥማቸውን አውልቀው አለቀሱ። ዘበኛዎም ወረፋ እንዲይዙ በትሕትና ነገራቸው። ከአካባቢው ሰው ብንጠይቅ አንዱ የድሮው ዓይን እዚህ ነበር፣ ሌላው እዚያ ነበር ይላል፤ ዶዘር ያስተካከለው መሬት ለማንም አይመሰክርም።

3ኛ. ስለ ፕላኑ። ከሥራው በፊት የነበረው ይዞታ፣ የምንጩ ዓይን ጭምር፣ የተነሣበት ፕላን በመሳቢያዎ ውስጥ እንዳለ ጸሐፊዎ ነግራኛለች። ላየው ብለምን የተቋሙ ምስጢር ነው የሚል መልስ ተላከልኝ። የውሃን አድራሻ እንደ ጦር ሜዳ ካርታ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በአገራችን መኖሩ ያኮራል። እስከዚያው ግን ሰኔ 10 ቀን በላይኛው ሜዳ ላይ የመዋኛ ገንዳ ስሚንቶ እንደሚፈስ ከበርዎ ላይ አንብቤያለሁ። ስሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ዐፅም አይፈልስም። እኔም ለእናቴ እሺ ብዬ የዋሸሁ ልጅ ሆኜ እቀራለሁ።

4ኛ. ስለ ማስታወቂያው። እዚህ ላይ አቤቱታዬን አቁሜ ከልቤ ላመሰግንዎ ይገባል። በእንግዶች አስተያየት መዝገብዎ ላይ፣ አመሻሽ ላይ የአንዲት ሴት ድምፅ የሰው ስም ሲጠራ እንደሚሰሙ፣ የማያውቁት ስም ሁሉ ተጠርቶ ሲያበቃ «አንዷለም» እንደሚል፣ የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ወር ጽፈዋል። እርስዎም እንደ ትጉህ ኃላፊ ወዲያው በሰሌዳዎ ላይ «አንዷለም የሚባል ጎብኚ ካለ ቤተሰቦቹ ስለሚፈልጉት በአስቸኳይ ጽሕፈት ቤት ይቅረብ» የሚል በማኅተም የተደገፈ ማስታወቂያ ለጠፉ።

ክቡር ሆይ፣ ወንድሜ ከጠፋ አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ያላንኳኳነው በር የለም፤ ስሙን ወረቀት ላይ አስፍሮ ይቅረብ ያለ የመጀመሪያው ባለሥልጣን እርስዎ ነዎት። ሰሌዳው ሥር ቆሜ እያነበብኩ ሳቅሁ፣ ሳቁ ሳይወጣልኝ እንባ ቀደመኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት እውነት ነው።

5ኛ. ዘበኛዎ ድምፁ የንፋስ ነው ይላል። ንፋሱ የአባቴን ስም እንዴት እንዳወቀ ግን አላስረዳኝም።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም እንደ ማንኛውም እንግዳ ትኬት ቆርጬ ሰባት ቁጥር ድንኳን ገባሁ። የሰፋሁት ዚፕ አሁንም ደህና ይዘጋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተጀመረ። ያ የላስቲክ ሰፈር ስም በስም፣ በየስሙ መካከል «አለሁ» የሚባልበትን ያህል ፋታ እየተሰጠ፣ ከዳር እስከ ዳር ተጠራ። ከወዲያ ማዶ ያሉት ወጣቶች ሙዚቃቸውን ዘጉ። «ጥሩሐረግ ደረሰ» ሲል «አለሁ፣ እማ» አልኩ። ድምፁን ተከትዬ ብወጣ ከሁሉም ድንኳን እኩል ይሰማል፤ ብጠጋው አይቀርብም፣ ብርቀውም አይርቅም። በመጨረሻ አንዷለም ተጠራ፤ እኔም አብሬያት ጠበቅኩ። በሕይወት ሳለች እንዲህ ናፍቃኝ አታውቅም።

እንግዲህ ከእርስዎ የምለምነው ይህን ሁሉ ጽሑፍ የሚያህል አይደለም። ሰኔ 10 ሳይደርስ፣ ፕላኑን ሳያሳዩን እንኳ ቢሆን፣ አንድ ቀን ጠዋት ብቅ ብለው የድሮው የምንጭ ዓይን ይህ ነበር ብለው በጣትዎ ያመልክቱን። የቀረውን አባ ገብረ ሊባኖስ በእግራቸው ይጨርሱታል። አፈሩንም መልሰን እንደነበረ እናስተካክላለን፤ እኛ ያነሣነውን ወደ ቦታው የምንመልስ ሰዎች ነን።

ገንዳዎ ጥልቅ፣ አንበሳዎ የማይደርቅ፣ እንግዳዎ የማይቋረጥ፣ መሳቢያዎም ቁልፉ የማይጠፋ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በሜዳዎ ላይ ከእርስዎ በፊት ያደሩትን ሁሉ ወክዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ጥሩሐረግ ደረሰ
ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

ግልባጭ፦
ለድንጋዩ አንበሳ፤ ውሃው ከየት እንደመጣ ቢያንስ እሱ ያውቃልና።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያን ቅዳሜ እናቴ አንዷለምን ከጠራች በኋላ እንደ ቀድሞው ዝም አላለችም። ከሜዳው ራስጌ፣ አዲሱ የሥራ አስኪያጅ ቤት ውስጥ የሚያድረው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በዚያ ሜዳ የሚያድር ሰው ሳይቆጠር እንዲቀር አትወድም። ስምዎን ከነአባትዎ ነግሬያታለሁ። ሲጠሩ እባክዎ «አለሁ» ይበሏት። መልስ ያልሰጣትን ሰው እስከ መቼ እንደምትጣራ ሰሌዳዎ ላይ ካለው የአንዷለም ስም ይረዱታል።