በሩ ጥግ የቆመው ሰው

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ይርጋ፣ እንደምን ሰነበቱ። ለውድ እናቴ ለወይዘሮ አትጠገብ፣ እንደምን ሰነበቱ። ለእህቴ ለሙሉ፣ ለታናሽ ወንድሜ ለአበጀ፣ ለአጎቴ ለአቶ ደምሌ፣ ለባለቤታቸው ለእማማ ጥሩወርቅ፣ በደጃችን ለሚያልፈው ጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ

እዚህ ላይ ዛሬም ቆምኩ። ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጻፈው «ደህና ነኝ» የሚለው ነው፤ እርሱን መጻፍ አልቻልኩም። ደብዳቤውን ትቼ ማስታወሻዬን ልቀጥል።

አምፖሉ ሥር ተቀምጫለሁ። አብረውኝ የተከራዩት ገመቹና ሳሚ ፍራሻቸው ላይ ሆነው ይከራከራሉ። የክርክሩ ምክንያት ቪዲዮ ቤቱ ነው። የኳሱ ውድድር ዕረፍት ላይ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ኦቦ ዲንቃ ቤቱ ባዶ እንዳይውል የድሮ ፊልሞችን ሊያሳዩ ወስነዋል። በሰሌዳው ላይ «ወንድ የሆነ ሁሉ ሊያያቸው የሚገቡ» ብለው በጠመኔ ጽፈው፣ ሥሩን ባዶ ትተው፣ ጠመኔውን ለደንበኛ ሰጥተዋል። ከዚያ ወዲህ በሰበታ ሰላም የለም።

«ወንድ ማለት ትንሽ ተናግሮ ብዙ የሚተኩስ ነው» ይላል ሳሚ። ቡራዩ ያደገ የልስን ሠራተኛ ነው፤ የፈረሰኛ ፊልም ይወዳል።

«የህንዱን ያላየ እናቱን አይወድም» ይላል ገመቹ።

«አንተ የህንዱን የምታየው ለእናትየዋ ነው? ለልጅቷ ነው እንጂ። ሼም ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። ያየሁት ጥቂት ነው አልኩ። ሳሚ ሳቀ። «ይሄ ልጅ ምን አይቶ ነው ጢም ያበቀለው?»

«ተወው» አለ ገመቹ። «አንተ በፊልም የምትፈልገው ወንድ እሱ ነው። የባሬላውን ኋላ ሁልጊዜ የሚይዘው ማነው?»

ይህን ሲናገር ፊቴን ወደ ደብተሬ አዞርኩ። በሕንፃ ሥራው እኔና ገመቹ አርማታ የምናመላልሰው በአንድ ባሬላ ነው፤ እርሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በእንጨቱ መወጣጫ ሽቅብ ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይጭናል። ሁሉም ከባዱን ወድጄ የምሸከም ይመስላቸዋል። እኔ የኋላውን የምመርጠው የገመቹን ተረከዝ እያየሁ ለመርገጥ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሬቱ ይጠፋብኛል። ዳፍንት ይዞኛል፤ ማንም አያውቅም።

አባቴም የጀመራቸው እንዲህ ነበር። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት በትራቸውን ይዤ ልመራቸው ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 7

የሳሚ ፊልም አሸነፈ። ኦቦ ዲንቃ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አሳዩ። በቀን በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

መብራት ሳይጠፋና መጋረጃ ሳይወርድ ቀድሜ ገባሁ። ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ምስሉ በግድግዳው ሙሉ ነበር። የቆየ ፊልም ነው፣ ቀለም የለውም። አንድ ፈረሰኛ ከሚስቱ ወንድም ጋር ማዕድ ቀርቦ፣ በዚያች ሌሊት የት እንደሚያድር ይነግረዋል። ሲነጋ ጠላቶቹ እዚያው ይደርሱበታል። ሁሉንም በደንብ አየሁ። ደስ አለኝ። ዓይኔ ብርሃን ካገኘ ምንም አልሆነም አልኩ በልቤ።

ስንወጣ ሰው ሁሉ ስለ ከዳተኛው ያወራል። እኔም ደፍሬ ተናገርኩ። የሚስቱ ወንድም እንዴት ጨካኝ ነው አልኩ።

ሳሚ ቆመ። «ወንድሟ ምን አደረገ? ፈረስ ጠባቂው ነው እንጂ የሸጠው።»

«ፈረስ ጠባቂው በምን ሰምቶ?»

«በሩ ጥግ ቆሞ ሲሰማ አላየህም? ባርኔጣውን ይዞ?»

«በሩ ላይ ማንም አልነበረም» አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ የማላውቃቸውን ሰዎች ሳይቀር ምስክር ጠራሁ። ሁሉም አይተውታል። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ አድርገው «ልጄ፣ ተኝተህ ነበር» አሉኝ። ሳቁ።

ገመቹ ብቻ አልሳቀም። ምን እንዳሰበ አላውቅም። እስከ ቤት ድረስ ከጎኑ ላለመራቅ ፈጥኜ ተራመድኩ፤ እየመሸ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጧት ከመውጣቴ በፊት በሩን ዘግቼ ራሴን ፈተንኩ። ፊት ለፊት ወደ መስኮቱ እያየሁ ሁለቱን እጆቼን ወደ ጎን ዘረጋሁ፣ ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ። አላየኋቸውም። ቀስ በቀስ ወደ ፊት አመጣኋቸው። አሁንም የሉም። ፊቴ አጠገብ ሲደርሱ ብቻ ብቅ አሉ።

ይህ በጠራ ብርሃን ነው። ዳፍንት ጨለማን ብቻ የሚነካ ይመስለኝ ነበር።

ልጅ ሳለሁ ለአባቴ ውኃ ይዤ በጎናቸው ስቀርብ ይደነግጡ ነበር። «ስትመጣ ድምፅ አሰማ» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ በቀን ያነቡ ነበር፤ በበሬ ያርሱ ነበር። እኔ ሐሳብ ይዟቸው ነው እል ነበር።

በሥራ ቦታ ቅጽል ወጣልኝ፤ የፈረስ ጠባቂው ጠበቃ ይሉኛል። ፌራዮዎቹ ብረት እያሰሩ «ጠበቃው፣ ደንበኛህ ደህና ነው?» ይላሉ። አብሬ ሳቅሁ።

ፎርማኑ ጋሽ ታምሩ ከሰዓት በኋላ ሰብስበውን ረቡዕ የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ የአርማታው ወለል፣ እንደሚሞላ ነገሩን። ሶሌታ ሲሞላ አይቆረጥም፤ መሸ ተብሎ አይቆምም። «ፓውዛ አስመጣለሁ» አሉ። ፓውዛው የሚያበራው ከላይ ነው። መወጣጫው ከግድግዳው በስተጀርባ ነው።

የሚያስፈሩኝን ልጻፍ። መወጣጫው የሚታጠፍበት ቦታ፣ መደገፊያ የለውም። ከሥሩ የተከመረው ብረት፣ ጫፉ ወደ ላይ ነው። ገመቹ፤ እኔ ከተደናቀፍኩ ባሬላው እርሱን ይገፋዋል።

ብነግራቸው ከሥራ ያሰናብቱኛል እንጂ ሌላ ምን ይደረግልኛል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

በምሳ ሰዓት ብቻዬን ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሄድኩ። ኦቦ ዲንቃ አዳራሹን እየጠረጉ ነበር። የማዕዱን ቦታ ብቻ ደግመው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው።

«ሰው ፊልም አይቶ ይረሳል፤ አንተ ይግባኝ ትጠይቃለህ?» አሉ። ግን ከፈቱልኝ። እሁድ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ፈረሰኛው ይበላል። የሚስቱ ወንድም ይቀዳለታል። መብራቱ በመካከላቸው ነው። ሌላ ሰው የለም።

«የት ነው ያለው?» አልኩ።

ኦቦ ዲንቃ በመጥረጊያው እንጨት ግድግዳውን ነኩ። «ይኸው። የት ይሂድ?»

አንገቴን ወደ ግራ አዞርኩ። ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በሩን ተደግፎ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ቆሞ ነበር። ሙሉ ሰው። እያየሁት አንገቴን ወደ ማዕዱ መለስኩ። ጠፋ። እንደገና ዞርኩ። አለ።

«እንዴ ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አሉ። ራበኝ መሰለኝ አልኳቸው።

ስመለስ ነጭ በትር የያዘ ወጣት አስፋልቱን ሊሻገር ቆሞ ነበር። እዚህ ከተማ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስላለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከመጣሁ ጀምሮ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። ዛሬም ቀየርኩ። አንድ ባጃጅ በጎኔ መጥቶ በጣም ተጠግቶ ቆመ። ባለ ባጃጁ ሰደበኝ። እውነቱን ነው፤ አላየሁትም።

ነገ ሥራው ሳይጀመር ለገመቹ እነግረዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጧት አልነገርኩትም። በምሳ ሰዓትም አልነገርኩትም። አርማታ ማደባለቂያው ቤቶኔራ ይጮኻል፣ ሰው ይሮጣል፣ ገመቹ ይዘፍናል። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ሥራው ቀንቶልን ነበር። ምናልባት ሳይመሽ ያልቃል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ገና ሲሶው ቀርቶ ነበር። ፓውዛው በራ። ገመቹ ባሬላውን አስቀምጦ ወደ እኔ መጣ።

«አሁን ደግሞ አንተ ከፊት።»

«ግድ የለም፣ እኔ ለምጄዋለሁ።»

«አይሆንም ኦቦሌሳ። እናቴ ብታየኝ ታፍርብኛለች። ሦስት ወር ሙሉ ከባዱን ይዘሃል።» ኦቦሌሳ ማለት ወንድሜ ማለት ነው። የኋላውን እጀታ ያዘ። ሌሎቹ ከኋላችን ተሰልፈው ነበር።

ከፊት ገባሁ። ቀጥታውን በልማድ ወጣሁት። መታጠፊያው ዘንድ ስደርስ እግሬ ፊት ምንም አልነበረም። እንጨት ይሁን አየር መለየት አልቻልኩም። እግሬን አነሳሁ፤ የማሳርፍበት አጣሁ።

«ሂድ እንጂ» አለ ገመቹ። ክብደቱ እርሱ ላይ ነበር፤ ያለከልክ ነበር።

«ገመቹ፣ ዝቅ አድርገው።»

«እዚህ? ምን ሆነሃል?»

«አይታየኝም።»

አስቀመጥነው። ከሥር «አርማታው ሊደርቅ ነው፤ ጠበቃው ችሎት ላይ ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ። ገመቹ በጠባቡ እንጨት በጎኔ አልፎ ፊቴ ቆመ። እጁን ያነሳ ይመስለኛል።

«ይሄ ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ። ከሁለት ክረምት ጀምሮ አልኩት።

«እኔንስ ሦስት ወር ምን ስታደርገኝ ነበር? ተረከዜን እንደ በትር ስትይዘው ነበር?»

«አዎ።»

«እንዲህ ሆነህ በዚህ በኩል ስትወድቅ፣ እኔ በየት ልሄድ ነበር?»

ክንዴን ይዞ አወረደኝ። አያያዙ የሚያሳምም ነበር። ጋሽ ታምሩ ከቤቶኔራው አጠገብ፣ ብርሃን ካለበት አቆሙኝና ውኃ እንዳቀብል አዘዙኝ። «ነገ እንነጋገራለን» ብቻ አሉ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ገባ። ሥራው ተጠናቀቀ፤ ማንም አልወደቀም። ወደ ቤት የመራኝ ሳሚ ነው። ገመቹ ወደ ኋላ ቀርቶ ብቻውን መጣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጋሽ ታምሩ አላሰናበቱኝም፤ በቀድሞ ሥራዬም አላቆዩኝም። መሬት ላይ አሸዋ እየነፋሁ እንድቆይ፣ ከሐኪም ወረቀት እንዳመጣላቸው ነገሩኝ። ወረቀቱ የሚለውን አይተው ይወስናሉ።

ገመቹ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ስገባ ሳህኔ ላይ በቅጠል የተጠቀለለ ጥሬ ጉበት አገኘሁ።

«ያዘዘችው እናቴ ናት» አለ ወደ ግድግዳው ዞሮ። «ለዳፍንት ጉበት ነው ትላለች። ነገ ሚካኤል ነው፤ ሰኞ ግን ዓይን ሐኪም ዘንድ እወስድሃለሁ። አንተ አትመራም፣ እኔ ነኝ የምመራው።»

አባቴ ለዓመታት ጉበት በልተዋል። ይህን አልነገርኩትም። ዞሮ እያየኝ በላሁት።

ጋደም ስል የተኛሁ መስሏቸው እንደገና ክርክር ጀመሩ፤ ግን በለሆሳስ።

«መጀመሪያ የህንዱን ይይ» ይላል ገመቹ። «ቀለም አለው። አበባ አለው፣ ልብሱ ያምራል።»

«የባሕሩ ይሻላል። ባሕር አይቶ አያውቅም።»

«እሺ፣ የባሕሩ ሁለተኛ። የጦርነቱን ሰርዘው፤ እሱ ሁሉም ጨለማ ነው።»

«ኦቦ ዲንቃን በቀን እንዲያሳዩ ማን ይነግራቸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። ዓይኔ ሳይጠፋ ሊያሳዩኝ ይህን ያህል ከቸኮሉ፣ እነርሱም ፈርተዋል ማለት ነው።

ስልክ መደወል አልችልም፤ የቤታችን ስልክ ከአባቴ እጅ አይለይም፣ የምጠይቀውን ይሰማሉ። ቅዳሜ ወደ አገር ቤት በሚመለሰው ሹፌር እጅ የምልከውን እዚህ ጻፍኩት፤ ነገ በንጹሕ ወረቀት እገለብጠዋለሁ።

እህቴ ሙሉ፣ ይህን ለብቻሽ አንብቢው። አባታችን ዓይናቸው ሳይጠፋ በፊት፣ በቀን ብርሃን በጎናቸው የቆመ ሰው ያመልጣቸው የጀመረው መቼ ነው? ከዚያ በኋላስ ስንት ዓመት አዩ? እናታችንን ብቻዋን አግኝተሽ ጠይቂያት፤ ሐኪም ይጠይቀኛል ብሎ ነው በያት። ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ አበጀ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከብቶቹን ሲያስገባ ይደናቀፋል ወይ? ጠርተሽ ፊት ለፊትሽ አቁሚው፤ ዓይንሽን እንዲያይ ንገሪውና እጅሽን ከጎኑ ቀስ ብለሽ አምጪ፤ የት ላይ ሲደርስ እንዳየው ልብ በይ። ጨዋታ አስመስይው፤ ልጁን አታስፈሪው። ያየሽውን ሳትቀንሺ ጽፈሽ መልሱን በዚያው ሹፌር እጅ ላኪልኝ። መኪናው መናኸሪያ በሚገባበት ቀን በጧት ሄጄ እጠብቀዋለሁ።