ከራስጌሽ እሆናለሁ

እህት ዓለም፣ አንቺም ሆድሽም እንዴት ናችሁ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም።

ለመውለድ ወደዚህ እንደምትመጪ ሳነብ በደስታ ዘለልኩ። «ካንቺ እጅ ሌላ እጅ አይነካኝም» ያልሽውን ለማዋለጃ ክፍሉ ሰው ሁሉ አነበብኩላቸው።

እኔ ደህና ነኝ። እጄን ትንሽ ያሳክከኛል እንጂ። የቆዳ ሐኪሙ የማይስማማኝን ለመለየት ጀርባዬ ላይ እንደ ቴምብር የሚለጠፍ ነገር ደርድሮ «ሁለት ቀን ገላሽን እንዳትታጠቢ» አለኝ። ለካ የጎማ ጓንት ሲሠራ የሚገባበት ኬሚካል አልስማማ ብሎኝ ነው። ጓንቱን ሦስት ጊዜ ቀየሩልኝ፤ ያው ነው። ቤት ስገባ ቅባት ተቀብቼ ነጭ የጥጥ ጓንት አጠልቃለሁ፤ እማዬ «ይኸው ልጄ በስተርጅና ተሞሸረች» እያለች ትስቅብኛለች። ኃላፊያችን ደግሞ ካርድ ክፍል ባዶ ወንበር እንዳለ ነገረችኝ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል ብዬ በሳቅ አለፍኳት።

አዲስ አዋላጅ መጥታልናለች፤ ስለማታወራ «ዝምተኛዋ» እንላታለን። እጇ ግን፣ ይባረክ፣ ንቅንቅ አይልም። ቀንሽ ሲደርስ ሕፃኑን እሷ ትቀበል። የገዛ እህቱን የሚያዋልድ ሰው ልቡ ይሸበራል። የመጀመሪያውን ስትቀበዪ መቼ ተሸበርሽ እንዳትዪኝ፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ። እኔ ከራስጌሽ ሆኜ ላብሽን እጠርግልሻለሁ። ብቻ ምጡ ሲጠናብሽ እንዳለፈው እጄን አትጭመቂ፤ ክንዴን ያዢ።

የበኩርሽን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የያዝኩት እኔ ነኝ።

የምትሳሳልሽ ታላቅ እህትሽ