ቅርፊት የሌለው ዓሣ

ሐሙስ፣ ጥር 28 ቀን 2007

በላች። ያለ ቅቤ፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው የተሠራ ዓሣ፣ እማዬ ሳህኑ እስኪጠረግ በላች። ነነዌን ሦስት ቀን ጾማ ስለወጣች ርቧት ነው የሚል ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ግን አይደለም። "ጣመኝ" ብላለች። የጻፍኩት ነገ ብትክድ ማስረጃ እንዲሆነኝ ነው።

እማዬን ከአዘና ወደ እንጅባራ ያመጣኋት በገና ማግስት ነው። የደም ግፊቷ ወጥቶ ደጃፏ ላይ ወድቃ ነበር። ሐኪሙ ጨው ቀንሱ፣ ቅቤና ጥብስ ተዉ፣ ዓሣ ካገኛችሁ ጥሩ ነው አለ። ሁዳዴ ሳይገባ ሰውነቷ እንዲጠገን ነው የፈለገው፤ ሁዳዴ ከገባ ማንም እንደማያስገድፋት ያውቃል። እማዬ ደግሞ በዕድሜዋ ዓሣ ቀምሳ አታውቅም። "ክንፍና ቅርፊት ያለው ከሆነ መጽሐፉ ይፈቅዳል፤ እበላለሁ። ቅርፊት የሌለውን ግን ብሞትም እንዳታቀርቢልኝ" አለች። አምባዛን ማለቷ ነው፣ ጢማሙንና ቆዳው የሚያዳልጠውን። ቅርፊት ያለው ቆሮሶ ብቻ ነው፣ በማርያም ብዬ ማልኩላት።

እስካሁን የሞከርኩት፦
መቀቀል። "እጅ የታጠቡበት ውኃ" አለችው።
በፎይል ጠቅልሎ ከቲማቲም ጋር ማብሰል። ግማሹን ድመቷ በላች።
ብረት ድስት ላይ በአንድ ማንኪያ ዘይት መጥበስ። አሳረርኩት።
ሾርባ ከካሮትና ከድንች ጋር። ድንቹን ለቅማ ዓሣውን ተወችልኝ።

የዛሬው ሐሳብ የራሷ ነው። "እንደ ዳቦ በኮባ ጠቅልይና አፍኝው" አለች። ከጎረቤት ጓሮ ኮባ ቆረጥኩ፣ እንዳይቀደድ እሳት ላይ አለሰለስኩት። ዓሣውን በንጹሕ ጨርቅ አደረቅሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የጥብስ ቅጠል፣ ሎሚ። ጠቅልዬ ከሚፈላ ውኃ በላይ ማጥለያ ላይ አስቀመጥኩና ከደንኩት። ጨው አላስፈለገም፤ ሎሚው የጨውን ሥራ ሠራ።

ማታ ለየሻረግ ደውዬ አመሰገንኳት። ዓሣውን በየሳምንቱ አጥንቱን አውጥታ፣ ከበረዶ ጋር ጠቅልላ ከዳንግላ በሚኒባስ የምትልክልኝ እሷ ናት። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛን እንጅባራ በአንድ ኪራይ ቤት፣ በአንድ ፍራሽ ላይ ነው የጨረስነው። የእሷ ቤት ስንቅ ሲዘገይ የምንበላው እማዬ ከአዘና የምትልከውን ነበር። አሁን ዳንግላ ላይ ዓሣ ቤት አላት። "ሰሞኑን ደግሞ ሥጋው ወፍሯል፣ እጅሽ ይባረክ" አልኳት። ሳቀች።

ቅዳሜ፣ ጥር 30



ለመምህራን ሥልጠና ዳንግላ ሄጄ ነበር። በምሳ ሰዓት የሻረግን ድንገት ልያት ብዬ በጓሮ በኩል ገባሁ። ሳፋ ሙሉ የዓሣ ራስ። ጢም ያለው፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር። አጠገቡ አጥር ላይ የተገፈፈ ቆዳ። አንዲት ቅርፊት እንኳ መሬት ላይ የለችም። የሻረግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትበልታለች። ከቆዳው የወጣው ሥጋ ያ እኔ የማውቀው ነው፤ ያ ወፍራሙ፣ እጅሽ ይባረክ ያልኩት።

ተነሳችና ልትስመኝ መጣች። "የእማዬ የትኛው ነው?" አልኳት። ወደ ሳፋው አየች። ያኔ ገባኝ።

"ቆሮሶ ከጥምቀት ወዲህ ጠፋ እኮ፣ ትርንጎ" አለችኝ። "የለም ብልሽ ታለቅሻለሽ ብዬ ነው። ለጤና እንደሆነ ይኸም ዓሣ ነው።"

"እናቴ ያለችውን ነግሬሻለሁ።"

"ነግረሽኛል። አብስለሽ ስታቀርቢው ማን ይለየዋል ብዬ ነው።"

እኔን አሳዘነችኝ ልበል ወይስ አቃጠለችኝ? ማን ይለየዋል! የእናቴን ቂጣ ሁለት ዓመት የበላች ሴት ናት። የት እንደምትመታኝ ከማንም በላይ ታውቃለች፣ እዚያው ላይ መታችኝ። እኔም ብሆን የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ የዓሣ አካል ክፍሎችን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ፣ ቅርፊቱን በቀይ ጠመኔ። ቤቴ የገባውን ግን አላወቅሁትም።

ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ላይ ምን እንደተባለ አላስታውስም። እቤት ስገባ እማዬ "የሻረግ ደኅና ናት?" አለችኝ። ደኅና ናት አልኩ።

እሑድ፣ የካቲት 1

ልነግራት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በር ላይ ጠብቄ ልነግራት ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ኮባ ቆርጣ ይዛ መጣች። ራሷ፣ በሁለት እጇ ታቅፋ። "የሐሙሱ የተረፈ አለ አይደል? ዛሬ ደግሞ ዝንጅብሉን ጨመር አድርጊበት" አለችኝ።

ፍሪጁ ውስጥ ሁለት ቁራጭ ነበር። ትናንት ማታ ልጥለው አውጥቼ መልሼ ያስገባሁት።

ሠራሁት። ካፈርኩ አይመልሰኝ። ከምንጊዜውም አሳምሬ ሠራሁት። እሷ በላች፣ እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ሽሮ በላሁ። ስትበላ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ምክንያቴን ልጻፈው፣ ቢያንስ እዚህ ላይ አልዋሽ። አንደኛ፣ ጉንጯ ሞልቷል። ሁለተኛ፣ ከነገርኳት ዓሣ ብቻ ሳይሆን ከእጄ ምንም አትበላም ብዬ ፈራሁ። ሦስተኛ፣ ሳልነግራት አንድ ቀን ልጨምር ብዬ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱም አያድነኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 2

ጤና ጣቢያ ግፊቷን ለካናት። ወርዷል። ነርሷ "ምን እያበላሻት ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ እማዬ ቀደመችኝ። "ዓሣ ነው። ከዳንግላ የምትልክልን ልጅ አለች። ውለታ የማትረሳ ልጅ" አለች።

የሻረግ አምስት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም። ምን ልትለኝ? ይቅርታ? እኔ ራሴ ለእማዬ ልለው አቅቶኝ የያዝኩት ቃል ነው።

ነገ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ቀደመችኝ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ስልኳ ጭኗ ላይ ነው። የሻረግ ደውላላት ነበር። ሁዳዴ ሳይገባ ይቅርታ ልጠይቅሽ ብላ አልቅሳ ሁሉን ነገረቻት። ከጥምቀት ወዲህ አምባዛ እንደነበር። ትርንጎ ቅዳሜ መጥታ እንዳየች። እኔ የምነግራት መስሏት ይሆናል፣ ወይም ነግሬያት ይሆናል ብላ። እንጃ። የሻረግ መጀመሪያ በውሸት፣ ቀጥሎ በእውነት ጣለችኝ። ስልኩን ብሰብረው ደስ ባለኝ።

እማዬ አልጮኸችም። "ቅዳሜ ነው ያወቅሽ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እሑድ ያበላሽኝስ?"

ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"አንች፣ እሑድ ያበላሽኝስ?"

"እሱም ነው፣ እማዬ።"

ስልኳን አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ "ሳላውቅ የበላሁት በእኔና በፈጣሪ መካከል ነው፤ ንስሐ አባቴ ያውቁበታል" አለች። "አውቀሽ ያበላሽኝ ግን በእኔና በአንች መካከል ነው። እሱን ወዴት ልውሰደው?"

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በአገውኛ ለብቻዋ ተናገረች። ሲከፋት በአገውኛ ነው። እኔ እንድሰማው የፈለገችው አልነበረም፣ ግን ሰማሁ፤ "ልጄ ናት ብዬ" ነው ያለችው።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ያቀረብኩላትን የጾም ወጥ አልነካችም። ድንች ራሷ አጥባ፣ ራሷ ቀቅላ በላች። ድስቱን እንኳ ዳግመኛ አጥባ ነው የተጠቀመችበት። ልብሷን በፌስታል አስራ በር አጠገብ አስቀምጣለች። ቅዳሜ ወደ አዘና ትሄዳለች።

አዘና ማን መድኃኒቷን ያስታውሳታል? ጎረቤት ሁሉ ለሕመምተኛ ቅቤ ይዞ የሚመጣበት አገር ነው።

ከሰዓት አስፈቅጄ ወጣሁና ዳንግላ ሄድኩ። በየሻረግ ደጅ አላለፍኩም። ሦስት ዓሣ ቤት ዞሬ ሁለት ትንንሽ ቆሮሶ አገኘሁ፣ ከነራሳቸው፣ ከነቅርፊታቸው። ለካ ለፈለገ ይገኛል። ሻጩ ልበልተው ሲለኝ በማይገባው ቁጣ ጮህኩበት፤ እንዳትነካው አልኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ስመጣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ አፍንጫዋን ይዛ "ምነው እመቤቴ፣ ከነአንጀቱ?" አለችኝ። አዎ፣ ከነአንጀቱ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ጠዋት ዓሣዎቹን በትሪ አድርጌ ፊቷ አስቀመጥኩና ወደ ኋላ ተመለስኩ። እማዬ ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠቻቸው። ክንፉን ዘረጋች። በጥፍሯ አንድ ቅርፊት ነቅላ በብርሃን አየችው።

"እኔው እሠራዋለሁ" አለች።

ቢላዋውን ልስጣት ስል እጄን በዓይኗ መለሰችው። በቢላዋው ጀርባ ከጭራው ወደ ራሱ ፋቀችው፤ ቅርፊቱ ነጠላዋ ላይ ሁሉ ተረጨ። ሆዱን ሰንጥቃ አጠበች። በጨርቅ አደረቀች። ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ኮባ። ጨው ያለበትን ጣሳ ከፍታ አየችውና መልሳ ከደነችው። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ እጆቼ የሚገቡበት አጥተው፣ የገዛ ቤቴ ውስጥ እንደ እንግዳ አየሁ። ስለ ጨው ሳስተምራት የማትሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ሁሉንም ይዛዋለች። አዘና ብትገባ እኔ አላስፈልጋትም፤ ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ደስም ብሎኛል፣ አልቅሼም ነበር።

ማጥለያውን ድስቱ ላይ አስቀምጣ ከደነች። ከዚያ ቆመች። አንድ ነገር ቀርቷታል። ሳትዞር፣ ለድስቱ የምትናገር ይመስል፣ "ስንት ደቂቃ ነው?" አለች።

"አሥራ አምስት።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው፣ እማዬ።"

ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን አየች። በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ክዳኑን ከፍታ ታያለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አንድ ጊዜም አልከፈተችም። አሥራ አምስት ሲሞላ ተነስታ አወረደችው።

አሥራ አምስት ደቂቃ አመነችኝ።