ከአጥሩ ላይ የተነቀለው ቧንቧ

አባዬ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ ያለህበት ከዚህ እንደሚሻል አውቃለሁ። ከቀበርንህ ወዲህ ያለ አንተ ሁለት ረመዳን ፆምን። ዛሬ የምጽፍልህ ተናድጄ ነው፤ ቤት ያሉት እኔን መስማት ሰልችቷቸዋል።

አጥርህን አፈረሱት። አዲስ ደንብ መጥቷል፤ መንገድ ዳር ያለ የመኖሪያ ቤት አጥር ከእንግዲህ ድፍን ግንብ አይሆንም፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያሳይ የብረት ፍርግርግ ነው። ከፍታውም ቀለሙም ተወስኖ ተሰጥቶናል። ይሁን አልኩ። ግቢያችን ውስጥ ከተሰጣ ልብስ በቀር ምን አለ፤ ይዩት። አንጀቴን ያሳረረኝ ሌላ ነው። ከአጥሩ ወደ መንገድ የወጣ ነገር ሁሉ ይነሳ ተባለ፣ ቧንቧው ጭምር።

እማዬ የሞተች ጊዜ፣ በስሟ የሚሰጠው ሰደቃ እንዳይቋረጥ ብለህ ግንቡን በስተህ ያወጣኸው ቧንቧ! ጁምዓ መንገዱ በሰጋጅ ሲሞላ ስንቱ ለሶላት ታጥቦ ውዱእ አድርጎበታል። ከበርበሬ በረንዳ ጆንያ ተሸክመው የሚመጡት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ዓይናቸው ሲቃጠል ሮጠው የሚታጠቡት እዚያ ነበር። አንተ ማታ ሱቅ ዘግተህ ስትመጣ ጎንበስ ብለህ ጭቃውን ትጠርጋለህ። እኔ ስነጫነጭ «የእናትሽ ደጅ ነው» ትለኝ ነበር።

ከወረዳ ለመጣው ልጅ ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ክፉ አለመሆኑም አናደደኝ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና የቧንቧውን ፈቃድ አምጪ አለኝ። የቱን ፈቃድ? አንተ እንደሆንክ ለሰደቃ ማን ፈቃድ ይጠይቃል ብለህ በሳኸው። የዚያን ቀን አንተንም ተቆጣሁህ። ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ቧንቧውን ካወጣኸው ጀምሮ በዚያ ውሃ የታጠቡ ሰው ናቸው፤ የቆየ ቧንቧ መሆኑን ይመስክሩልኝ ብላቸው ከመንግሥት ጋር አታጣይኝ ብለው በራቸውን ዘጉብኝ።

ግንቡ ፈርሶ፣ ቧንቧው ተነቅሎ፣ ፍርግርጉ ቆመ። ጁምዓ ሲደርስ ሰዉ እንደ ልማዱ መጥቶ፣ ባዶውን ቦታ አይቶ ሲመለስ ከግቢ ሆኜ አየሁ። በንዴት አለቀስኩ።

ከዚያ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ደንቡ ወደ መንገድ ምንም አይውጣ ነው የሚለው፤ ስለ ውስጡ ያለው ነገር የለም። ቧንቧውን ወደ ፍርግርጉ አስጠግቼ ከእኛ በኩል አስተከልኩት። ያ ልጅ መጥቶ ለካ፣ ዞረ፣ ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ። ባለፈው ጁምዓ እጅ በብረቱ መሃል ገባ፣ ከዚያ ሌላ እጅ። ጋሽ ከድርም እጃቸውን ሰደዱ። ውሃውን ብዘጋባቸው ደስ ባለኝ፤ ግን የእኔ ውሃ አይደለም።

አሁን በእማዬ ስም ብቻ ሳይሆን በአንተም ስም ይፈሳል። ጭቃው ግን ወደ ግቢያችን ገብቷል። ንዴቴ አልበረደም፤ እየተነጫነጭኩ ጎንበስ ብዬ እጠርገዋለሁ። በጠረግኩት ቁጥር አስታውስሃለሁ፣ አባዬ።

ልጅህ