ከእኔ በፊት በስሜ የተጠራችው

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስካሁን አንድ መስመር እንኳ ያልጻፍኩልህ ስለረሳሁህ አይደለም። ተቀይሜህ ነበር። ቅያሜው ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም፤ ግን ዝም ማለቱ ይበልጥ ከበደኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። እዚያው ክሬሰንት ታውን ሰፈር፣ እዚያው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ሊፍቱ ዛሬም በየሳምንቱ ይበላሻል። ካፖርትህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠነው፤ ከአገር ቤት አዲስ ለመጣ ሰው ልኩ ሆነለት። እሑድ እሑድ ሰውየውን ከኋላው ሳየው እስካሁን ልቤ ይደነግጣል። እኔ ኮሌጁን ጨርሼ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ አንድ የጥርስ ሐኪም ጋ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ።

አሁን ደግሞ አንተ ልትነግረኝ ይገባህ የነበረውን እኔ ልንገርህ።

ከሥራ ስትመለስ ባስ ውስጥ ልብህ ቀጥ ብሎ በሞትክ በሦስተኛው ቀን የቀብሩን ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ጽፌ ኢንተርኔት ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሙሉ ስምህን አስገባሁ። በወጣትነትህ ቼኮዝሎቫኪያ ኢንጂነሪንግ መማርህን፣ ኢቶቢኮ መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት መሥራትህን ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ “ባለቤቱንና አንዲት ልጁን ወለላን ትቶ አረፈ” አልኩ። እያለቀስኩ ነበር የጻፍኩት፤ ስጽፈው ግን አንዱም ቃል ውሸት ነው ብዬ አልጠረጠርኩም።

ለአርባህ አንድ ሳምንት ሲቀረው በኢሜይል መልእክት መጣልኝ። “ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ እኚህ ሰው አባቴ ይመስሉኛል” ይላል። ያና የምትባል ሴት ናት፣ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ የምትኖር። የሟች ቤተሰብ እያጠመዱ የሚያጭበረብሩ አሉ ሲባል ሰምቼ ስለነበር አጠፋሁት። በማግስቱ ሌላ ላከች። “የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ጥፍር የላትም። በተማሪነታቸው የፋብሪካ ማሽን ነው የወሰዳት። እናቴ ነግራኛለች።” ይህን ማስታወቂያው ላይ አልጻፍኩትም። እንኳን የማያውቅህ ሰው፣ ያገሬው ሰው ሁሉ አያውቀውም። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስልኩ ሲጮህ እንኳ ማንሳት አቃተኝ።

ለእማዬ ሳልነግር ቅዳሜ ዕለት ዳንፎርዝ ላይ ቀጠርኳት። የኛ ሰው የማይገባበት ካፌ መርጬ ነው። በሌሊት ተነስታ መኪናዋን እየነዳች ድንበር ተሻግራ መጥታለች። ስገባ ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። መልኳ ከእኔ ይነጣል እንጂ ያ ሰፊ ግንባር ያንተ ነው። ከመናገሯ በፊት ቅንድቧን በአውራ ጣቷ ስታሸው ወንበሬን ስቤ መቀመጥ ተሳነኝ፤ አንተን በሴት ልብስ ያየሁ መሰለኝ።

ገና እንደተቀመጥን ከቦርሳዋ ፎቶ አወጣች። አንተ ነህ፣ ቀጭን፣ ጎፈሬህ ትልቅ፣ ሕፃን አቅፈህ። ገልብጣ ጀርባውን አሳየችኝ፤ በአማርኛ ተጽፎበታል።

“ምን እንደሚል ዕድሜዬን ሙሉ አላወቅኩም” አለችኝ። “ክሊቭላንድ ውስጥ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ለማላውቀው ሰው አሳይቼ ግን ደስ የማይል ነገር ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። አንቺ አንብቢልኝ።”

የእጅ ጽሑፍህ ነው። የትምህርት ቤት ወረቀቶቼ ላይ የምትፈርምበት ያ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ጽሑፍ። “ወለላ ልጄ። ዛሬ ሁለት ወር ሞላት። እናቴን ትመስላለች” ይላል።

በመጀመሪያ ስለ እኔ የጻፍከው መሰለኝ። ከዚያ ሕፃኗን አየሁ፤ ፎቶው እኔ ከመወለዴ ከብዙ ዓመት በፊት የተነሳ ነው። አባዬ፣ ስሜን የእናትህ ስም ነው ብለህ ስትሰጠኝ፣ “እናቴን የምትመስል አንቺ ብቻ ነሽ” ስትለኝ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላትና ወደ እንግሊዝኛ መለስኩላት።

“ቬለላ” አለች። “ሁለተኛ ስሜ እኮ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።”

“ወለላ ነው የሚባለው። የተጣራ ማር ማለት ነው” አልኳት። “የኔም ስም ነው።”

አስተናጋጇ መጥታ ደህና መሆናችንን ጠየቀችን።

ስለ ልጅነቷ ያን ቀን ነገረችኝ። አንተ ወደ አገርህ ስትጠራ ገና ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ከዚያ እናቷ ይዛት ክሊቭላንድ አክስቷ ጋ ሄደች። አክስትየዋ ከድሮ ጀምሮ እዚያ የኖሩ ቼክ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ እንግሊዝኛ አይወራም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቼክኛ ትማራለች፤ በበዓል ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ከቼክ አሜሪካውያን ልጆች ጋር ትጨፍራለች። ከመካከላቸው ጠይም እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ “ይቺ ደግሞ የማን ናት?” ብላ ስትጠይቅ አክስትየዋ ከኋላ ረድፍ እጇን ይዘው አውጥተው ከሁሉ ፊት አቆሟት። “የኛ ናት” አሉ። ዛሬ ያንን ጭፈራ ለልጆች የምታስተምረው ራሷ ያና ናት። “የእናቴን ወገን አንድም ሳይቀር አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም” አለችኝ። “የአባቴ ወገን ግን ይህ የፎቶ ጀርባ ብቻ ነበር። ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ ስንት ዓመት ፈለግሁ መሰለሽ። መጀመሪያ ያገኘሁት ያንቺን ማስታወቂያ ነው።”

አባዬ፣ የመጀመሪያ ዜናህ የሞትህ ዜና ሆነባት፤ መርዶ አርጂዋ ደግሞ እኔ።

ስንለያይ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። “ፈልገውኝ ነበር?” አላውቅም አልኳት።

ቤት ስገባ እማዬ ለአርባው ምስር ትለቅም ነበር። ፎቶውን በስልኬ አንስቼው ስለነበር ምንም ሳልናገር አሳየኋት። ትጮኻለች፣ ትወድቃለች ብዬ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። እሷ ግን መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው።

“መጣች?” አለችኝ።

እዚያ ላይ ከፎቶው ይልቅ እናቴ አስደነገጠችኝ። ታውቅ ነበር። ከመጋባታችሁ በፊት ነግረሃታል። ለያና እናት ሦስት ደብዳቤ ጽፈህ ሦስቱም “አድራሻ ለቅቀዋል” ተብለው እንደተመለሱ፣ ከሦስተኛው በኋላ እንዳቆምክ፣ እኔ ስወለድ ስሙን ደግመህ ስታወጣ እሷ አንድም ቃል እንዳልተነፈሰች ነገረችኝ።

“ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ” አለች። “ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ አልኩት። ስትጨርሺ ደግሞ ፈራሁ። በየዓመቱ እንንገራት ይለኝ ነበር፤ በየዓመቱ እለምነው ነበር።”

ያን ሰሞን ከእሷ ጋር አልተነጋገርኩም። ካንተም ጋር ቢሆን በልቤ ተጣላሁ። ላይብረሪ ወስጄህ ኢሜይል የከፈትኩልህ፣ ስም ጽፎ ሰው መፈለግ ያስተማርኩህ እኔ አልነበርኩም? ያን ጊዜ የድሮ የክፍል ጓደኞችህን ስም አንድ በአንድ አስፈለግከኝ። የእሷን ስም ብትነግረኝ በአንድ ከሰዓት አገኛት ነበር። አጠገቤ ተቀምጠህ ሌላ ስም ስታስጽፈኝ ምን ተሰማህ? ይህን የሚመልስልኝ የለም።

ለአርባህ ያናን አትምጪ ልላት ፈልጌ ነበር። ሰው ምን ይላል የሚለው እኔንም ይዞኝ ነበር። እማዬ ራሷ ኮል አደረገችላት፤ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ “ካም፣ ካም” ብቻ ነው ያለችው። ቅዳሴው አልቆ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ ያና ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። እማዬ ተነስታ ሄደችና አመጣቻት። ሰው ሁሉ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ቄሱ ጠጋ ብለው “ማን ናት፣ ልጄ?” ሲሏት እማዬ ድምፅዋን ሳትቀንስ “የባሌ የበኩር ልጅ ናት፣ አባ” አለቻቸው። ከዚያ አንተ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ በእኔና በእሷ መሐል አስቀመጠቻት። ያና አማርኛው አልገባትም። እኔ በጆሮዋ ተረጎምኩላት።

ፈልገሃት እንደሆነ የጠየቀችኝንም መለስኩላት። ሦስቱን ደብዳቤዎች ነገርኳት፤ ማቆምህንም አልደበቅኋትም። ራሷን ነቀነቀች እንጂ አላለቀሰችም። “ሦስት” አለች ብቻ።

በታኅሣሥ እንደገና መጣች። ያና የእማዬ ወጥ ቤት ገብታ ከዱቄትና ከደረቀ ዳቦ ሙልሙል የሚያህል ነገር ጠቅልላ በፈላ ውሃ ቀቀለች። ሲበስል “የልብስ መስፊያ ክር አላችሁ?” አለችኝ። እማዬና እኔ ተያየን። አንተ እሑድ እሑድ ያንኑ ስትሠራ በክር እያነቅህ ስትቆርጠው፣ ኢንጂነሩ ቢላ መያዝ አልቻለም እያልን ስንቱን ጊዜ ስቀንብሃል። የተማሪነት ጨዋታህ ይመስለን ነበር። የቼኮች ወግ እንደሆነ፣ ያና ቤትም ሁልጊዜ እንደዚያ እንደሚቆረጥ ያን ቀን ሰማሁ። ለካ ሳላውቀው የእህቴን ቤት ምግብ እየበላሁ ነው ያደግኩት። እማዬ ክሩን ሰጠቻትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆየች።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ እንገናኛለን። እኔ ካንተ ጋር ካሳለፍኩት አንድ ቀን መርጬ እነግራታለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሕንፃው ጀርባ ፓርኪንጉ ላይ ብስክሌት ስታስተምረኝ፣ በረዶ ገና ሳይቀልጥ ኮርቻውን ይዘህ አብረኸኝ ስትሮጥ የነበረውን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና “ጓንት አድርገው ነበር?” አለችኝ።

አላስታወስኩም። እማዬን ጠየቅኋት፤ እሷም አታውቅም። ያና “ምንም አይደለም” ብላ ወሬ ቀየረች። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ያን ፓርኪንግ ስዞር፣ እጅህን ስፈልግ ቆየሁ።

አባዬ፣ ይቅርታዬን ገና አልጨረስኩም፤ በዚህ አታስቸኩለኝ። የምገባልህ ቃል ግን አንድ አለኝ። እስካሁን የማስታውስህ ለራሴ ብቻ ስለነበር የቀረው ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ከእንግዲህ ግን የማስታውስህ ለሁለት ሰው ነው፤ ደህና አድርጌ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ፣
ታናሿ ወለላ