የቃሉ ትርጉም ሲጣራ ስለሚረጥቡት የሕፃናት ፋይሎች

ለመዛግብት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሐምሌ 9

ጉዳዩ፦ «ዐቃቤ» ስለሚለው ቃል ለሦስተኛ ጊዜ የተጠየቅሁትን ማብራሪያ ስለማቅረብና የምድር ቤቱ በር እንዲከፈትልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

በዚህ ጽሕፈት ቤት በዐቃቤ መዛግብትነት ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፋይሎችን ያለፈቃድ ወደ ቤቴ ወስደሃል ብሎ ከከሰሰኝ በኋላ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ከመጠሪያዬ ትርጉምና ምንጭ ተነሥቼ በጽሑፍ እንዳስረዳ አዘዘኝ። የመጀመሪያው ማብራሪያዬ «አጭር ነው» ተብሎ፣ ሁለተኛው «ረዘመ» ተብሎ ተመለሰ። ይኸው ሦስተኛው፤ ልኩን እግዜር ይወቀው።

1. «ዐቃቤ» የግእዝ ቃል ነው። «ዐቀበ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ጠበቀ ማለት ነው። ሕግን የሚጠብቅ ዐቃቤ ሕግ ይባላል። በድሮ አጠራር ሐኪሙ ዐቃቤ ሥራይ ነበር፣ መድኃኒት ጠባቂ ለማለት። በቤተ መንግሥትም ዐቃቤ ሰዓት የሚባል ትልቅ ሹም ነበር። ከእነዚህ መካከል በር ቆልፎ ወደ ቤቱ በመሄድ ብቻ ሹመቱን የተወጣ አላገኘሁም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን «የእርስዎ ሥራ መቆለፍ ነው፤ የውስጡ አይመለከትዎትም» ብለውኛል።

2. የውስጡ በምድር ቤቱ የተቆለፉት፣ ከሕፃናት ማሳደጊያው የተረከብናቸው ፋይሎች ናቸው። ልጆቹን ማን እንዳመጣቸው፣ ስም ማን እንዳወጣላቸው የተጻፈው እዚያ ብቻ ነው። ግንቦት ላይ የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው በጣሪያው ይወርድ ጀመር። አምስት ማመልከቻ ጻፍሁ፣ ደጅ ጠናሁ፣ የሰማኝ የለም። ስለዚህ ያለፈቃድ ወሰድሁ፤ አልክድም። አንድ መቶ አርባ ፋይል በታክሲ አመላልሼ፣ ገጽ በገጽ በልብስ መቆንጠጫ እያያዝሁ በቤቴ ገመድ ላይ አሰጣሁ። ገመዱ ስለተያዘ ልጆቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ በደንብ ያልደረቀ ልብስ ለብሰው ትምህርት ቤት ሄዱ። ፋይሎቹን አንድ ሳላጎድል መልሻለሁ፤ ኮሚቴው ራሱ ቆጥሮ ፈርሟል።

3. ይህን ለመጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ባለቤቴ ያደገችው በዚያው ማሳደጊያ ነው። ወረቀቶቹን በካውያ ስትተኩስ ሰነበተች። በመጨረሻው ቀን ብቻ «የእኔስ?» አለችኝ። የእርሷ ፋይል ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ውሃው ከላይ ስለሚወርድ ከላይ ጀምሬ በተራ ነበር የማወጣው፤ ለቤቴ ሰው አደላ እንዳልባል የእርሷን አላስቀደምሁም። ዛሬ ይቆጨኛል። በማግስቱ ላወጣላት ስሄድ ቁልፉ ተቀይሮ ጠበቀኝ። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ አይደለሁም፤ ተናድጃለሁም።

ስለዚህ የምለምነው ግማሽ ቀን ነው። በሩ ይከፈትልኝ፤ ዘበኛ ይቁምብኝ፣ ስወጣም ልፈተሽ። ቅጣቱን ከዚያ በኋላ ያለ ክርክር እቀበላለሁ። የቃሉ ትርጉም አሁንም ካልጠራ አራተኛ ማብራሪያ እጽፋለሁ፤ እጄ አልደከመም።

ክቡርነትዎ እንዲያውቁት የምፈልገው አንድ ነገር ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት ከበሩ ሥር ሾልኮ ኮሪደሩ ላይ የተኛው ውሃ ሰማያዊ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳሙና የፈሰሰ መስሏት ወለወለችው። የባለቤቴ ዘመን ፋይሎች የተጻፉት በሰማያዊ ቀለም ነው። እስካሁን አልነገርኋትም።

ከአክብሮትና ከችኮላ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዐቃቤ መዛግብት